ለዓይን የበቀለ ሣር

በግቢዬ ሣር ላይ፣ ከውጪው በር ፊት ለፊት፣ የሰፌድ ያህል ክብ ቦታ ተቃጥሏል። ዩሪያ ማዳበሪያ አንድ ቦታ ሲከማች ሣርን እንደ እሳት እንደሚለበልብ አሳምሬ አውቃለሁ። ጡረታ ወጥቼ ንፋስ መውጫ ላይ ቤት ከሠራሁ ወዲህ ይህን ሣር የምንከባከበው በሥርዓት ነው። ሰኔ ሲገባ ዩሪያ እበትንለታለሁ፤ ነሐሴ ላይ እደግመዋለሁ፤ ክረምቱ ሲወጣ የበሰበሰ ፍግ አለብሰዋለሁ፤ በበጋም ውኃ እያጠጣሁ ዩሪያ በስሱ እጨምርበታለሁ። እንግዳ መጥቶ «ምን ቢያበሉት ነው እንዲህ ያማረው?» ሲለኝ ኩራት ይሰማኝ ነበር። ያቺ የተቃጠለች ክብ ግን ባየኋት ቁጥር የእናቴን ጓሮ ታስታውሰኛለች። የእናቴን ጓሮ ሳስታውስ ደግሞ በዛሬው ማንነቴ አፍራለሁ።

ያደግሁት ከከተማው ብዙ በማይርቅ የጋይንት መንደር ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ በሬዎቻችን ተሸጡ፤ ራሳችን የምናለማው መሬት ጓሯችን ብቻ ሆነ። እናቴ ያን ጓሮ ዓመቱን ሙሉ እንደ ልጅ ትመግበው ነበር። የምድጃውን አመድ ጠዋት ጠዋት ትበትንበታለች፤ ከመስቀል በኋላ ክረምት ያበሰበሰውን ገለባ ታለብሰዋለች፤ በበጋ ደጃፉን ጠርጋ ጥራጊውን ትደፋበታለች። የመጀመሪያው ዝናብ ሲያርፍበት ከአመዱ የሚነሣው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ፍግ ግን አልነበረንም። ከብት የሌለው ቤት ፍግ ከየት ያመጣል? ገብሱ በየዓመቱ እያጠረ፣ ዛላው እየቀለለ ሄደ። አንድ ቀን እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ዘንድሮም ከከዳን አጎትህ ዘንድ ትሄዳለህ፤ እሱ ቤት የሚበላ አይጠፋም» አለችኝ። በአጎቴ አገር ትምህርት ቤት አልነበረም።

በእኛ አካባቢ በበጋ ከብት ያለው ሰው በረቱን ከማሳ ማሳ ያዘዋውራል፤ ከብቶቹ ያደሩበት መሬት ፍጉንም ሽንቱንም ጠጥቶ ይደልባል። «ከብቶችህን እኔ መሬት ላይ አሳድርልኝ» ብሎ መጠየቅ ግን የሰውን ማሳ ጉርሻ መንጠቅ ማለት ነው። እናቴም ይህን ለማንም አፍ አውጥታ የምትናገር ሴት አልነበረችም።

በየካቲት አንድ ምሽት ጎረቤታችን አያ ደስታው ከብቶቻቸውን እየነዱ፣ ጥሩ የምትባለውን ትንሿን ልጃቸውን አስከትለው ደጃችን ቆሙ።

«እቴ ሙሉ፣ ጅቡ በረቴን ለምዶ አላስተኛ አለኝ። የእናንተ ውሻ ኃይለኛ ነው። እባክሽ ከብቶቼን ጓሮሽ ላይ ላሳድር?»

ውሻችን ምድጃ ሥር ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር። አርጅቶ ጥርሱ አልቋል፤ እንኳን ጅብ ድመትም አይፈራውም ነበር። እናቴ ወደ ውሻው ዞር ብላ አየችው፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ለጥቂት ቀን ከሆነ ይሁን እንግዲህ» አለች፤ «ብቻ እንዳይለምድብኝ።»

«አይለምድም፣ አይለምድም። እግዜር ይስጥልኝ እቴ ሙሉ፤ ከጉድ አወጣሽኝ!»

ከብቶቹ እስከ ሚያዝያ ከጓሯችን አልወጡም። በግድግዳው ማዶ ሲያመሰኩ እየሰማሁ፣ ሞቃት ትንፋሻቸው በስንጥቁ እየገባ፣ እንደዚያ ዓመት ተኝቼ አላውቅም። ገብሱ በዚያ ክረምት ከደረቴ በላይ ሆነ። አጎቴ ዘንድ አልሄድኩም፤ ተማርኩ፣ በመንግሥት ሥራ አረጀሁ፣ ይህን ቤት ሠራሁ፣ ይህንም ሣር ተከልኩ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ነገሩን ስታነሣ «ያኔ የአያ ደስታውን ከብቶች ያስጠለልን ጊዜ» ነበር የምትለው።

ባለፈው ነሐሴ፣ ዩሪያ በእፍኜ ይዤ ሣሩ ላይ ስበትን፣ በሩ ተንኳኩቶ ተከፈተ። የመጣችው ጥሩ ነበረች፤ ያቺ የጎረቤታችን ትንሿ ልጅ። አሁን የልጅ ልጅ ያየች ገበሬ ናት። ጃንጥላዋን አጥፋ እጄን አየች፤ ቀጥላ ሣሩን አየች።

«ጋሼ፣ ላም ገዙ እንዴ?»

«አልገዛሁም።»

«በግ ነው እንግዲያው።»

«በግም የለኝም።»

«ታዲያ ማን ይበላዋል?»

«ለዓይን ነው» አልኳት።

«ለዓይን» ብላ ደገመችው። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። በእጄ የነበረው ዩሪያ እዚያው ተዘረገፈ።

ስንዴዋ ቢጫ ሆኖ መቅረቱን፣ ማዳበሪያ ፈልጋ ማጣቷን ነገረችኝ። «እርስዎ ሰው ያውቃሉ፤ የት እንደሚገኝ ይነግሩኝ እንደሆን ብዬ ነው» አለች። በረንዳው ላይ የቆመውን የዩሪያ ጆንያ አልጠየቀችኝም፤ ቀና ብላም አላየችው። እኔም በትውውቅ ያገኘሁት ነበርና ደነገጥኩ። «ውሰጂው፣ ውሰጂው፤ እኔ ዘንድ ትርፍ ነው» አልኳት። «ትርፍ» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ለራሴ ቀፈፈኝ። ጥሩ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። «ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ባለውለታዬ ነዎት» አለችኝ። የአያ ደስታው ልጅ ለእኔ! «ተይ፣ ተነሺ» ማለት ሲገባኝ፣ ምስጋናዋን እንደ አለቃ ቆሜ ተቀበልኩ።

ነገሩ ሳያስተኛኝ ሰነበተ። ጥቅምት ላይ ሣሩ ሲረዝም፣ ከአያ ደስታው የተማርኩትን ልሞክር ብዬ በባጃጅ ወደ መንደሯ ሄድኩ። ስንዴው ዘግይቶም ቢሆን ከፊሉ አገግሞ ነበር። በመንገድ ላይ ያጠናሁትን ቃል ደጃፏ ቆሜ አልኳት፦ «ጥሩ፣ ሣሩ ረዝሞ እባብ ሊገባብኝ ነው። የሚያጭድልኝ አጣሁ። እባክሽ ላምሽን አምጪና ታስተካክልልኝ።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

«በንፋስ መውጫ ብርድ እባብ? ጋሼ፣ አባቴ ከዚህ የተሻለ ይዋሽ ነበር!»

ላሟ መጣች፤ ከተቃጠለችው ክብ በቀር ሣሩን ሁሉ አንድ አድርጋ ጋጠችው። አሁን ግቢዬን የሚያደንቅ እንግዳ የለም፤ እኔም አልተቆጨሁም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በእናቴ ዘመን ችግረኛውን ቀና አድርጎ መስጠት የሚያውቅ ሰው ጎረቤታችን ነበር፤ ይህን ያህል ተምሬ፣ ይህን ያህል ዘመን ሰው አስተናግጄ፣ እኔ ግን አልቻልኩበትም። ጥሩ ላሟን ነድታ ስትወጣ አሁንም አመሰገነችኝ። አያ ደስታው ጓሯችንን ፍግ አልብሰው በረታቸውን የነቀሉ ዕለት ግን፣ ደጃችን ቆመው አመስጋኙ እሳቸው ነበሩ።