ለጥያቄ ያወጣሁት እጅ ለግብር ተቆጠረ

ዛሬ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ጥያቄ ልጠይቅ ብዬ እጄን ባወጣ፣ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው በሙሉ ተከትሎኝ እጁን አወጣ።

ጉዳዩ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ነበር። ይጨመርና ለሰፈራችን ውሃና የመንገድ መብራት ይግባበት ወይ ነው የተባልነው።

እኔ እንደምታውቁት የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ አሶሳ ላይ ሳላነበው የማልፈው ታፔላ የለም። ይህንንም ስልኬ ላይ የጻፍኩት በገዛ አውራ ጣቴ ነው፣ ማንም አልረዳኝም። ክፍላችን ውስጥ መናገር የፈለገ እጁን ያወጣል፤ ሁሌም ቀዳሚው እኔ ነበርኩ።

እናም ሰብሳቢው «የምትደግፉ» ሲል እጄን አወጣሁ። ደሞዝም ጡረታም የሌለው ሰው ከየት አምጥቶ ይከፍላል ልለው ነበር። እሱ ግን ቆጠረና «አብላጫው ደግፏል» ብሎ ዘጋው።

«ኧረ እኔ ጥያቄ ነበረኝ» ስለው፣ «ከደገፍክ በኋላ ደግሞ ምን ጥያቄ አለህ?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ።

ስንወጣ ጎረቤቴን እማማ ዘይነባን «እርስዎ ለምን አወጡ?» አልኳቸው። ከአንዲት ቆርቆሮ ቤት በቀር ምንም የላቸውም፤ የሚኖሩት ኦቾሎኒ ቆልተው በመሸጥ ነው።

«አንተ ነህ የተማረ። አንተ እጅ ስታወጣ ጥሩ ነገር ነው ብዬ አወጣሁ። ጥሩ አይደለም እንዴ?»

«ነገ ቀበሌ አብረን ሄደን እናስረዳለን» ብቻ አልኳቸው። የሚሰማን መኖሩን ግን እንጃ።

እናንተስ፣ ሰው አምኗችሁ ተከትሏችሁ ጉድ የሠራችሁት ጊዜ አለ? እንዴት አስተካከላችሁት? ዛሬውኑ ንገሩኝ፤ እማማ ዘይነባ ነገ በጠዋት በሬን ያንኳኳሉ።