የአኮ ፋጡማ የብርቱካን ልጣጭ

እህቴ ከሮቤ ደውላ «አኮ ፋጡማ አረፉ» ስትለኝ ብርቱካን እየላጥኩ ነበር። «ኢና ሊላሂ» ብዬ ልጣጩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

አኮ ፋጡማ፣ ሰፈሩ ሁሉ «አኮ»፣ አያቴ፣ የሚላቸው፣ ጎባ ጎረቤታችን ነበሩ። ለረመዳን ሻይ የብርቱካን ልጣጭ በክር እየሰኩ አጥር ላይ ያደርቁ ነበር። ጎባ ፀሐይ ብርቅ ናት፤ አንድ ቀን «ልጄ፣ ደመና ካየሽ አስገቢልኝ» ብለውኝ ገበያ ሄዱ። እኔ ገመድ ስዘል ልጣጩን ዝናብ መታው። በቀሚሴ ጠራርጌ፣ ምንም እንዳልሆነ፣ ጓዳ ሰቀልኩት።

የመጀመሪያው ማፍጠሪያ ላይ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሻዩን ሲቀምስ ሻጋታ ሸተተ። ባለሱቁ ከማል «አኮ፣ ዛሬስ ካልሲ ነው የቀቀሉልን?» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አኮ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይኔን ወደ ስኒዬ ጣልኩ።

«አርጅቻለሁ መሰለኝ፣ ሳይደርቅ ሰቀልኩት» አሉ። ከዚያ ወዲያ ልጣጭ ሲያሰጡ አላየሁም።

ስንት ዒድ ልነግራቸው ደውዬ፣ ጤናቸውን ብቻ ጠይቄ ዘጋሁ። አላህን ማረኝ እላለሁ፤ የሳቸውን ሐቅ ግን ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ አልጠየቅኳቸውም።

የአኮ ቤተሰቦችና ጎረቤቶች፣ በመጨረሻው ሰዓት አጠገባቸው የነበራችሁ፣ ያን ልጣጭ ዝናብ ያስመታሁት እኔ መሆኔን ያውቁ እንደነበር፣ አንስተውላችሁ እንደሆነ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።