እምቧዬን አትንኩብኝ

ዛሬ ጠዋት ልጄ ደጃፌ ላይ ያለውን እምቧይ ልትመነጥር ገጀራ አንስታ ደረስኩባት።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ አረም ነው! እሾሁ አያስገባ አያስወጣ። ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው የራሱን ግቢ ይመልከት» ብዬ በርጩማዬን አምጥቼ እምቧዩ ፊት ተቀመጥኩ።

እርግጥ እምቧይ የትም ይበቅላል። በቱላ መንገድ ዳር፣ በቡሹሎ የከብት መዋያ ሞልቷል። ውኃ የሚያጠጣው የለም። እኔ ግን አጠጣዋለሁ።

ያኔ እናቷን ለማግባት ሽማግሌ ስልክ የእናቷ አባት «የእነዚህ ትዳር የእምቧይ ካብ ነው፣ ዓመት አይቆምም» አሉ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ይህን ቤት ስንሠራ እምቧይ ፈልጋ በራችን ላይ ተከለች። አባቷ ሊጠይቁን በመጡ ቁጥር «አባባ፣ ካባችን ይኸው አልፈረሰም» እያለች ታሳያቸው ነበር።

ልጄ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ስነግራት ገጀራውን አስቀመጠች። ከዚያ ድንጋይ ለቅማ የእምቧዩን ዙሪያ ካበችለት።

«በል አሁን ተነስ፣ ቁርስህን ብላ» አለችኝ።

እናንተስ ሰው አረም እያለው የማታስነኩት ምን አላችሁ? ጻፉልኝ። መነጽሬ ስለጠፋ ነው እንጂ እኔው አነበው ነበር፤ ለጊዜው ልጄ ታነብልኛለች።