የዘገየች እጅ

ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ አረብ አገር በሄደች ሰሞን፣ አንደበቴ ተዘጋ። ለቅሶዬ ሲያልቅ ቃሉም አብሮ አለቀ። ወስደው ያሳደጉኝ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ደምሴ ናቸው። ቤታቸው ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ከሥር የሚነሣው ጉም አጥሩን ዘልቆ ደጃችን ድረስ ይመጣል። ጎረቤቱ «ጠበል ውሰዷት» ሲል፣ ሚስታቸው እትዬ ብርቄ «ዓይን በልቷት ነው» ሲሉ፣ አጎቴ ብቻ «ተዉአት፣ መጀመሪያ እጇ ይናገር» ይሉ ነበር።

አጎቴ የደብራችን ከበሮ መቺ ነበሩ። አመሻሽ ላይ የጎረቤት ልጆችን ሰብስበው፣ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ጉልበታቸው መሀል አስገብተው ተረት ይጀምራሉ። ያኔ መብራት ሰፈራችን አልገባም፤ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው፣ የምድጃው ፍም ፊታችንን እየለበለበው፣ የምናየው እጃቸውን ብቻ ነበር። እየፈራን የምንለምናቸው አንዱን ተረት ነው፤ ከገደሉ ወጥቶ ወደ ሰው ቤት የሚመጣውን ጅብ። እርምጃውን ጀሪካኑ ላይ ይመቱታል፤ ሁለቴ መትተው ዝም፣ ሁለቴ መትተው ዝም። «መጣሁ፣ መጣሁ፣ ደጃችሁ ደረስሁ» ይላሉ በጅቡ ድምፅ። እሳቸው ዝም ሲሉ ጠብቀን፣ እኛ እያጨበጨብን «ሂድ፣ ተመለስ፣ እሳት አለን!» እንላለን። ጭብጨባችን እኩል ከሆነ ጅቡ ይመለሳል፤ አንዲት እጅ ከዘገየች ይቀርባል። የተረቱ መጨረሻ በእኛ እጅ ስለነበር ጅቡ ሳይበላን የተለያየንበት ምሽት ጥቂት ነው።

እኔ ማጨብጨብ ብቻ ነበር ሥራዬ። «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አንቺ ምቺ» ይሉኛል። አንድ የክረምት ምሽት ጅቡ ደጅ ሲደርስ፣ ከፍርሃቱ ይሁን ከምቱ እንጃ፣ «ሂድ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቃሎቼ ምቱን ተከትለው ቀስ በቀስ ተመለሱ። እናቴ ስትደውል «እማ» ያልኋት ጉልበቴን በመዳፌ እየመታሁ ነው።

በዚያው ክረምት አንድ ምሽት የአጎቴ ቀኝ እጅ ዘገየች። ልጆቹ ሊያሾፉብን ነው ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ያቺ እጅ እንደማትዘገይ አውቅ ነበርና ፈራሁ። ደግመው ሲመቱ እጃቸው ጀሪካኑን ስታ ጭናቸው ላይ ወደቀች። «መጣሁ…» አሉና ከንፈራቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ።

ከሆስፒታል ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፣ መናገርም አይችሉም። ውሃ ለመጠየቅ ይታገሉና ማቃሰት ብቻ ሲወጣቸው ያለቅሳሉ። እኔ የማውቀውን አደረግሁ፤ ጀሪካኑን አምጥቼ አልጋቸው አጠገብ መታሁ። ዓይናቸው ፈጠጠ። «መጣሁ፣ መጣሁ፣ ደጃችሁ ደረስሁ» አሉ፣ ጥርት አድርገው።

እትዬ ብርቄ ጮኹ። «አንቺ ልጅ፣ በማርያም ይዤሻለሁ! ሞትን በአፋቸው አታስጠሪብኝ!» ጀሪካኑን ነጥቀው ወደ ጓሮ ወረወሩት። በተከፈተው በር ጉሙ ገባ። ማናችንም በሩን ለመዝጋት አልተነሣንም፤ እኔም ጅቡን የጠራሁት እኔ ነኝ ብዬ አመንሁ።

ያኔ የአጎቴ ግራ እጅ የአልጋውን ጠርዝ መምታት ጀመረች። ሁለቴ መትተው ዝም አሉ፤ እያዩኝ ይጠብቃሉ። እያጨበጨብሁ «ሂድ፣ ተመለስ» አልሁ። «እሳት… አለን» ብለው ተቀበሉኝ። በዚያው ምት ላይ «ብርቄ… ውሃ» አሉ። እትዬ ብርቄ ውሃውን በጣሳ ይዘው ሲመጡ ግማሹ መሬት ላይ ፈስሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ እስኪሞቱ ድረስ የተናገሩት ሁሉ በምት ነው። ዛሬ መካነ ሰላም ውስጥ ሕፃናት አስተምራለሁ። ንግግርና ዜማ በአንጎላችን ውስጥ መንገዳቸው አንድ ብቻ እንዳልሆነ፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ሊያሻግር እንደሚችል ኋላ በትምህርት ቤት ነገሩኝ፤ ስሰማው አለቀስሁ። ስለዚህ ከፊደል በፊት ጭብጨባ አስተምራለሁ። ወላጆች «ጨፋሪ ልታደርጊብን ነው?» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ልጆቹ እኩል ሲያጨበጭቡ ደስ ይለኛል። አንዲት እጅ ስትዘገይ ግን ልጆቹ ይስቃሉ፣ እኔ ዞር ብዬ በሩን አያለሁ።