«አሁን ትመጣለች» ያልኩበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ የጥርስ ሐኪም ቤት ተራዬን ስጠብቅ አንዲት የአገሬ ልጅ ትንሽ ሴት ልጇን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ስልኳን አውጥታ ካርቱን ከፈተችላት። ልጅቷ አፏን ከፍታ ስትፈዝ ጊዜ እናትየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ ሳታየኝ ሹልክ ልበልና መኪናዬን ሌላ ቦታ ፓርክ አድርጌ ልምጣ። ከጠየቀችዎት አሁን ትመጣለች ይበሏት» አለችኝ።

እትዬ መባሌን እንኳ ዋጥ ባደረግኩት ነበር። «በፍጹም! ነግረሻት ውጪ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ኋላ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ምን እንደነካኝ ግን አልነገርኳትም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ፣ ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አራት ወይም አምስት። ታላቅ እህቴ ዘምዘም ቤት ነበር የምኖረው፣ ኦሮራና ዴንቨር የሚዋሰኑበት ሎውሪ አጠገብ። እሷ ልብስ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ባሏ ከባድ መኪና እየነዳ ሌላ ስቴት ነው የሚሰነብተው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃቸውን ያሲንን የምይዘው እኔ ነበርኩ። አምስት ዓመቱ ነው፤ እዚሁ የተወለደ።

እኛ ቤት ልጅን ተሰናብቶ መውጣት የሚባል ነገር አናውቅም። ያለቅሳላ! እናቴም አክስቶቼም እንዲሁ ነበሩ። ዘምዘም ዲቪዲውን ታስገባለታለች፣ ፊልሙ ሲጀምር ጫማዋን በእጇ ይዛ በእግር ጣቷ ትወጣለች። እኛ ደግሞ ሳያያት ወጣች ብለን ደስ ይለናል።

ፊልሙ ሁልጊዜ ያው ነው። እንግሊዝኛዬ ለምልክት ያህል ስለነበር ታሪኩን የሚያስረዳኝ ያሲን ነው። እናቱ የጠፋችበት ግልገል ቀበሮ አለ። አንዲት ቁራ ዛፍ ላይ ሆና፣ እናትህ አሁን ትመጣለች፣ ቁጭ ብለህ ጠብቅ ትለዋለች። ቁራዋ ግን ውሸታም ናት። እናቱ ከወንዝ ማዶ መንገድ ጠፍቷት «ሎስት» ሆናለች፣ ቁራዋም ታውቃለች። ቀበሮው ሳያለቅስ ብቻውን ሄዶ ያገኛታል። ያሲን ይህን ሲነግረኝ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ እጄን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። እኔ ደግሞ፣ ልጁ ዝም ካለልኝ ምን ቸገረኝ፣ ሳምቡሳዬን እጠብስ ነበር።

የዚያን ቅዳሜ፣ መጋቢት ውስጥ ነው፣ በረዶው እየቀለጠ ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል። ፊልሙ አለቀ። «እማዬ የት ናት?» አለኝ። ፊቴን ከዘይቱ ሳልመልስ «አሁን ትመጣለች፣ ቁጭ በል» አልኩት። የምትመጣው ከመሸ ነበር። ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሜ ያንኑ አልኩት። ከዚያ ዝም አለ፤ ተመስገን አልኩ። ኋላ ቁርጭምጭሚቴን ብርድ ሲነካው ዞር አልኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። የያሲን ቦቲ ጫማ የለም።

ያ አላህ! ምድጃውን ማጥፋቴን እንኳ አላስታውስም። በነጠላ ጫማ ወጥቼ እየተጣራሁ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉን፣ የቆሻሻ ገንዳውን ጀርባ፣ የቆሙትን መኪኖች ሥር አየሁ። ከአፓርታማው ግቢ መሐል የመዋኛ ገንዳው አለ። ለክረምት የተሸፈነበት ሸራ መሐሉ ላይ ሰርጎ ውሃ አቁሯል። ወደዚያ ሮጥኩ። ሸራውን በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩት። ልጁን ከዚያ ውስጥ እንዳላወጣው ብቻ ነበር የምለምነው። ምንም የለም፤ ጥቁር ውሃ።

ፖሊስ መጥራት ነበረብኝ። አልጠራሁም። በዚያን ጊዜ እኛ ዘንድ የሚወራው፣ ፖሊስ ቤትህ ከመጣ ልጅህን ወስዶ ለፈረንጅ ይሰጥብሃል የሚል ነበር። ዘምዘምም ምላ ተገዝታ አስጠንቅቃኛለች። እናም ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ወላሂ ግማሽ ሰዓት፣ ልጁ በዚያ ብርድ እያለ እኔ ፖሊስ ፈርቼ ስሮጥ ነበር።

ያገኙኝ ጎረቤታችን ጋሽ ተስፋይ ናቸው። አሥመራ አማርኛ የተማሩ፣ ታክሲ የሚነዱ ሽማግሌ።

«ጠርተሻል?»

«ጋሽ ተስፋይ፣ ይወስዱብናል…»

«ብርዱ ቢወስደውስ?» ብለው ስልካቸውን አወጡና ደወሉ። ከዚያ ታክሲያቸው ውስጥ አስገቡኝ። «የት የት ይሄዳል? አስቢ እንጂ!»

የቀበሮው ወንዝ! ከመንገዱ ማዶ፣ ሎውሪ በኩል፣ በትንሽ ድልድይ ሥር የሚያልፍ ጅረት አለ። ስንደርስ ቀይ ኮፍያው ከድልድዩ ሥር ታየኝ። «ያሲኔ!» ብዬ ስሮጥ፣ ልጁ ወደ እኔ አልመጣም። ወደ ኋላው አፈገፈገ፣ ወደ ውሃው። ኋላ እንደነገረን፣ ቀድሞም ስጣራ ሰምቶኛል። ሰምቶ ነው የተደበቀው። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ አንዲት እንባ የለችም።

«አትምጪ! አንቺ ቁራዋ ነሽ!»

ቆምኩ። አንድ እርምጃ ብጨምር ውሃው ውስጥ ይገባል። እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም።

ጋሽ ተስፋይ በጎን ወርደው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። «ያሲን፣ እናትህ አልጠፋችም» አሉት። «ሱቅ ውስጥ ሥራ ላይ ናት። የምትመጣው ግን አሁን አይደለም፤ ከመሸ ነው። ከፈለግህ ወስጄ አሳይሃለሁ።»

አያቸው። እጁን ሰጣቸው። ፖሊሶቹ መጡ፣ በብርድ ልብስ ጠቀለሉት፣ ጠያየቁን፣ መዝግበው ሄዱ። ማንንም አልወሰዱም። ጋሽ ተስፋይም ቃላቸውን ጠበቁ። እናቱን ልብስ ስታጣጥፍ ያገኛት ጊዜ ነው ያለቀሰው፤ ሱቁ እስኪናወጥ።

ካርቱን ልጅ ያበላሻል፣ ውሸት ያስተምራል ሲባል እሰማለሁ። እንጃ። የዚያን ቀን የዋሸሁት እኔ ነኝ። ፊልሙማ ለምትወደው ሰው ስትል ፈርተህ እንዳትቀር ነበር ያስተማረው፣ ልጁም ከልቡ ተማረ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት፣ ውጭ በረዶ ጥሏል ስለው ሄዶ በመስኮት ያያል። ምሳ ደርሷል ስለው ድስቱን ከፍቶ ያያል። ዛሬ ጢሙን የሚላጭ ጎልማሳ ነው፣ ይወደኛልም። ግን አንድ ነገር በነገርኩት ቁጥር ስልኩን አውጥቶ ያጣራል። ዘምዘም ትስቃለች፣ «የዘመኑ ልጅ!» ትላለች። እኔ አብሬ እስቃለሁ፤ አጣርቶ እስኪጨርስ ድረስ ግን ትንፋሼን ይዤ ነው።