የልጄ አንገትና የጌም ካሜራው

በ2011 ዓ.ም.፣ በጋው ገብቶ ስንዴ አጨዳ ላይ ሳለን ነው ፍርሃቱ ቤቴ የገባው። ሴቷ ልጄ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ስትሄድም ስታነብም አንገቷን ወደ ቀኝ ትከሻዋ ዘመም ታደርጋለች። የትምህርት ቤት ልጆች «ትከሻሽ ዛሬ ምን አለሽ?» ይሏታል። እሷም «ዝም በሉ ብሏችኋል» ትላቸዋለች። እኔ ልማድ ነው ብዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንቆም በእጄ ቀና አደርጋት ነበር።

የጤና ጣቢያችን ነርስ ግን አንገቷን ግራና ቀኝ እያዞረች አየቻት። ከዚያ፣ ጭንቅላት ውስጥ የሚበቅል ነገርም እንዲህ ሊያደርግ ስለሚችል ሆስፒታል ውሰጃት አለችኝ። የጎረቤቴ ልጅ በእንዲያ ያለ በሽታ አዲስ አበባ ሄዳ አልተመለሰችም። ለማንም አልተናገርሁም። ባሌ ሳዑዲ ነው፤ ሲደውል ደህና ነን አልሁት። ጠበል አስጠምቄ፣ ስለት ተስዬ፣ መካነ ሰላም ሆስፒታል ይዣት ሄድሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ዕቃ አስቀምጧል። ልጆች ቴሌቪዥን ፊት ቆመው የሚጫወቱበት የጌም ካሜራ ነው አለኝ። የሰው እንቅስቃሴ ስለሚያይ አንገት ምን ያህል እንደዘመመ ይለካል፤ ትልቁ መሣሪያ ውድ ነው፣ ይሄ ግን ርካሽ። የልጄን ነገር በመጫወቻ ሊያይልኝ ነው ብዬ ሰጋሁ።

ካሜራው ፊት አስቆማት። ኮምፒዩተሩ ላይ በመስመር የተሠራች ትንሽ ሰው ታየች፤ ከጎኗ ቁጥር አለ። እኔ ከኋላ ቆሜ አባታችን ሆይን ጀመርሁ። ቁጥሩ ዘለለ። ሐኪሙ ግንባሩን ቋጠረና እንደገና ጀመረ። ፊቱን ሳይ ፍርሃቴ ባሰ፤ ጸሎቴንም ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልሁ። ቁጥሩ ይባስ ዘለለ። ክፉ ነገር ያገኘባት መሰለኝ።

ሐኪሙ ዞር ብሎ አየኝ።

«እናቴ፣ ምን እያሉ ነው?»

«እየጸለይሁ ነው።»

ልጄ መሬት መሬቱን እያየች «ሲጸለይ አንገት ይደፋል» አለችው። ያስተማርኋት እኔው ነኝ።

ሳቀ። «አብሽሩ እናቴ። ጸሎቱን በልብዎ ይያዙት፤ ካሜራው ስግደት አያውቅም።»

በልቤ ያዝሁት። ቁጥሩ ረጋ። ከዚያ አንድ ዓይኗን በጥጥ ሸፈነው። አንገቷ ቀስ እያለ ቀና አለ። በመስመር የተሠራችውም አብራ ቀና አለች። ማንም ሳይነካት ቀና ስትል አይቼ አላውቅምና፣ ከደስታ ይልቅ ድንጋጤ ያዘኝ። ጥጡን ሲያነሳው ተመልሳ ዘመመች። ደጋግሞ ሞከረው፤ ያው ነው።

የሕፃንነቷ ፎቶ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ስልኬ ላይ ነበር፤ ገና ቆማ መሄድ ስትጀምር የተነሣችው። እዚያም አንገቷ ዘመም ብሏል። አፍራ ነው ብዬ አልፌው ኖሯል።

ፎቶውን አጉልቶ ተመለከተው።

«አንገቷ ደህና ነው» አለኝ። «አንዱን ዓይኗን የሚያዞረው ጡንቻ ከልደቷ የደከመ ይመስለኛል። ቀና ስትል ነገሩ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያታል፤ ዘመም ስትል አንድ ይሆንላታል። አንዱ ዓይኗ ሲሸፈን ሁለት መሆኑ ስለሚቀር ነው ቀና ያለችው። ነርሷ የፈራችውን ነገር ምልክት አላየሁም። የዓይን ሐኪም ግን ማየት አለበት።»

ለዚያም ወረቀት ጻፈልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ልጄን ሁለት ሁለት እንደሚታያት ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት።

«ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያይ መስሎኝ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን ልናደርስ አብረን ሄድን። ካህኑ ሲጸልይ አንገቷን ደፋች። ጸሎቱ ሲያበቃ ቀና ብላ፣ እንደ ልማዷ ወደ ትከሻዋ ዘመም አድርጋ ሥዕሉን ታይ ጀመር። እጄ ሊያቀናት ተነሣ። መልሼ ነጠላዬ ውስጥ ከተትሁት፤ እንደሚመቻት ሆና እንድታይ ተውኋት።