ቡናማው ወርቅ

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አፌ አያርፍም። በፈረንጆቹ 2009 ሚኒያፖሊስ ውስጥ አንድ ላቦራቶሪ አጸዳ ነበር። እዚያ የምትመራመረው ኬሊ አሲድ የማይፈራ ረዳት ስትፈልግ፣ «የምኖርበት ሆፕኪንስ ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑ፣ ወርቅ እንደ ሊጥ የሚታዘዛቸው አንጥረኛ አሉልሽ» ብዬ ለፈለፍኩ።

ጋሽ አብዱልመናን ደሴ ላይ ሠላሳ ዓመት ወርቅ የሠሩ ሰው ናቸው። እዚህ መጥተው ግን ስምንት ዓመት የአረጋውያን መጦሪያ ወለል ሲወለውሉ ኖሩ። ላቦራቶሪው ለስድስት ወር ሙከራ ሲቀበላቸው ሙሽራ መሰሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ እጄ ነፍስ ዘራ» አሉኝ። አምስት ወር ሠርተው፣ አንድ ወር ቢጨምሩ ቋሚ ሠራተኛ ሊሆኑ ነበር።

ኬሊ ወርቁን ከመዳብና ከብር ጋር አቅልጣ በኃይል በሚሽከረከር ጎማ መሰል ብረት ላይ ታፈሰዋለች። ከመቅጽበት ስለሚቀዘቅዝ ውስጡ ተደርድሮ ለመስተካከል ጊዜ አያገኝም፤ እንደ ብርጭቆ ወጥ የሆነ ስስ ጥብጣብ ይወጣል። ያንን ጋሽ አብዱልመናን አሲድ ውስጥ ይነክሩታል። አሲዱ መዳቡንና ብሩን በልቶ፣ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች የተሞላ የወርቅ ስፖንጅ ይተዋል። አንድ ቀን ከጠብታ ደም በሽታ የሚለየው በነዚያ ቀዳዳዎች ነው ትላለች ኬሊ። እሳቸው የሚታያቸው ግን ቡናማ፣ የጠወለገ ወርቅ ነው።

አንድ ሐሙስ ኬሊ ሰኞ ለፍተሻ የሚላከውን የሁለት ዓመት ድካሟ የሆነውን ጥብጣብ ጠረጴዛ ላይ ትታ ምሳ ወጣች። ደሴ ቢሆን ከአሲድ የወጣ ወርቅ እሳት ሳያይ ለደንበኛ አይሰጥም፤ ነውር ነው። ጋሽ አብዱልመናንም ደስ ይበላት ብለው ትንሿ ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ስትመለስ ጥብጣቡ ቢጫ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ እሳቸውም ምርቃት እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብለው ቆመዋል።

ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ብዙ ቆየች። ቀዳዳው ሁሉ በሙቀቱ ተደፍኗል። ላስተረጉም ተጠራሁ።

«አሲዱ ውስጥ ልመልሰው?» አሉ ጋሽ አብዱልመናን።

«መዳቡ አልቋል፤ አሲዱ አሁን ምኑን ይበላል?» አለች።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ብትሰድበን በወደድኩ! ኬሊ ግን እንባዋን እየዋጠች፣ «ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡ ንገራቸው። ዛሬም ምንም እንዳይነኩ» አለችኝ።

የነገውን ነገርኳቸው። ሌላውን ግን እንዴት አድርጌ ለአንጥረኛ ልናገር?

«ጋሼ፣ ለዛሬ እጅዎን ያሳርፉ ትላለች» ብዬ ዋሸሁ።

«ተወው ልጄ» አሉ። «ዶንት ተች አትንካ ማለት መሆኑንማ አውቃለሁ።»

ጓንታቸውን አውልቀው ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። መኪናዬ ጋ ስንደርስም አላወጧቸውም፤ በሩን እኔ ከፈትኩላቸው።